ሎሚውን ማን ተሸከመ? የቡድን ሥራን ማርክ ለእያንዳንዱ ተማሪ የመስጠት ዘዴ፣ ደረጃ በደረጃ

የቡድን አሳይመንት ሲታዘዝ የሚሆነውን ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከአምስቱ አንዷ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ ለፕሪንት ያዋጣሉ። የቀሩት ሁለቱ «ስሜን እንዳትረሱት» ብለው ይሄዳሉ። ማርኩ ሲመጣ ለአምስቱም እኩል ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ትምህርት ቤቶችም በጓደኞቹ ድካም ማርክ የሚያገኝ ተማሪ አለ፤ ደቾቹ «ሜሊፍተር» ይሉታል። በነዚህ ከተሞች ያሉ ተቋማት ግን ችግሩን ለተማሪዎቹ ጨዋነት አይተዉትም። በደንብ፣ በመዝገብና በቃል ጥያቄ ይይዙታል። እዚያ የሚሠራበትን መንገድ ተከትለን፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም እንዲያገለግል አድርገን ደረጃዎቹን እንመልከት።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ የሚሠራው ግን ሃምሳውም ሰው ሎሚውን ከያዘ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክሲሚልያን ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 ላታኔ፣ ዊልያምስና ሃርኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን እያስጨበጨቡና እያስጮኹ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ለአስተማሪ የሚጠቅመው ግን እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ነው፦ ተሳታፊዎቹ የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲያውቁ፣ በቡድን ውስጥም ሆነው መለገሙ ቀረ። መድኃኒቱ እንግዲህ ቁጣም ምክርም ሳይሆን የእያንዳንዱን ሥራ የሚታይ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ማርክ በሚሰጥበት ቀን አይደርስም፤ አሳይመንቱ በሚታዘዝበት ቀን መጀመር አለበት።

በየደረጃው የምንጠቀመው ምሳሌ ይህ ነው፦ አምስት ተማሪዎች (ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እና ሠ እንበላቸው) በዘ ሄግ «ሃክሰ ማርክት» በሚባለው ገበያ የአትክልት ዋጋ እየመዘገቡ ከሱፐርማርኬት ጋር ያወዳድራሉ፤ ከዚያ ሪፖርት ጽፈው ያቀርባሉ። አንባቢው በሰፈሩ ገበያ ሊተካው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሥራው ቡድን የሚያስፈልገው መሆኑን ያረጋግጡ

አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ሌሊት ብቻውን የሚጨርሰው አሳይመንት የቡድን ሥራ አይደለም፤ አራት ስሞች የተለጠፉበት የግል ሥራ ነው። የገበያው ጥናት ቡድን ይፈልጋል፦ በአንድ ቀን ብዙ ነጋዴ ማነጋገር፣ ዋጋ መመዝገብ፣ መረጃውን ማጣራትና መጻፍ አለበት። «ስለ ዋጋ ንረት አምስት ገጽ ጻፉ» የሚለው ግን አይፈልግም።

ቀጥሎ የሚመዝኑትን ይለዩ፦ እውቀቱን ነው፣ አብሮ መሥራቱን ነው ወይስ የሥራውን ውጤት? እውቀትን ብቻ መመዘን ከፈለጉ በቡድን ያስተምሩ፣ በግል ይፈትኑ። በሮተርዳም የኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ጀምሮ በችግር ላይ በተመሠረተ ትምህርት ይሰጣል፤ ዘዴው በኔዘርላንድስ ሥር የሰደደው በ1974 ማስትሪክት ላይ በሕክምና ትምህርት ነው። ትንሽ ቡድን በአስጠኚ ፊት አንድ ችግር አንስቶ ይወያያል፣ የማያውቀውን ይለያል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሄዶ ያነብባል፣ ከዚያ ተመልሰው ያነበቡትን ያመሳክራሉ። አንዱ ውይይቱን ይመራል፣ ሌላው ይመዘግባል፤ ተራውም ይዞራል። ሳያነብ የመጣ ተማሪ በዚያች ጠረጴዛ ላይ የሚደበቅበት ቦታ የለውም፣ ፈተናውንም የሚወስደው ብቻውን ነው።

ደረጃ 2፦ የማርኩን አከፋፈል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ያሳውቁ

በኔዘርላንድስ ከፍተኛ ትምህርት እያንዳንዱ ፕሮግራም የትምህርትና የፈተና ደንብ አለው። ተማሪው በምን እንደሚመዘን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማወቅ አለበት። ለጀማሪ አስተማሪ የሚመቸው አከፋፈል ይህ ነው፦

– 60 በመቶ፦ የቡድኑ ሪፖርትና አቀራረብ፣ በተማሪዎቹ የእርስ በርስ ምዘና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚስተካከል።
– 40 በመቶ፦ የግል፤ የቃል ጥያቄና አንድ ገጽ የግል ጽሑፍ።

አንድ ደንብ ይጨምሩ፦ የግሉን ክፍል ያላለፈ ትምህርቱን አላለፈም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ማርክ ከ1 እስከ 10 ነው፤ ማለፊያው 5.5 ነው፤ ብዙ ጊዜም እያንዳንዱ የፈተና ክፍል ለብቻው ይህን ወለል እንዲያልፍ ይጠየቃል። ጥቅሙን ደረጃ 8 ላይ በቁጥር እናየዋለን።

ደረጃ 3፦ ቡድኑን ራስዎ ያዋቅሩ፤ ምዘናውን ግን ለቡድን መሪ አይስጡ

የቡድኑ አባላት አራት ወይም አምስት ይሁኑ። ሦስት ከሆኑ እያንዳንዱን የሚመዝኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማን ምን እንደሰጠ ወዲያው ይታወቃል። ከስድስት በላይ ሲሆኑ መደበቂያ ይበዛል። ቡድን እንዲመርጡ ከለቀቋቸው ጓደኛሞች ይሰባሰባሉ፤ ቋንቋው የሚከብደው ወይም አዲስ የመጣው ተማሪ ደግሞ መጨረሻ ላይ የትም ይጣላል። ከብዙ አገር ተማሪ በሚመጣበት በዘ ሄጉ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ዓይነት ቦታ ይህ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመውና ከ2009 ጀምሮ የኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ይህ ተቋም ለዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል።

ከአገራችን ታሪክም የምንማረው አለ። የ1 ለ 5 አደረጃጀት በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ በተስፋፋበት ጊዜ ጎበዝ የተባለው ተማሪ መሪ ይሆን ነበር። ሐሳቡ ደካማው ከጎበዙ እንዲማር ነበር፤ በብዙ ክፍል ግን መሪው አስተማሪም፣ ጸሐፊም፣ ተቆጣጣሪም ሆኖ ቀረ። የጓደኞቹን ሥራ ለአስተማሪ የሚያሳብቅ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በነጻነት መሥራት አይችልም። ስለዚህ መሪነቱ በየሳምንቱ ይዙር፤ ምዘናው ደግሞ ከሁሉም እኩል ይምጣ።

በመጀመሪያው ስብሰባ አባላቱ አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉና ይፈርሙ፦ ማን ምን፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ቀን እንገናኛለን፣ ሰው ሲቀር እንዴት ያሳውቃል፣ ሁለቴ ከቀረ ምን እናደርጋለን። ኋላ ክርክር ሲነሳ የሚከፈተው ይህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 4፦ በየሳምንቱ ማስረጃ ይሰብስቡ

በኔዘርላንድስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ሃቮ እና ቬዌኦ በሚባሉት ዘርፎች፣ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት «ፕሮፊልቬርክስቱክ» የሚባል የምርምር ሥራ ይሠራል። የተመደበለት ጊዜ 80 ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ሆነው ይሠሩታል። ከሪፖርቱ ጋር የሥራ መዝገብ ማስረከብ የተለመደ ነው፦ ቀን፣ የፈጀው ሰዓት፣ የሠራው ሰው፣ የተሠራው ነገር።

መዝገቡ እንዲጠቅም አጻጻፉን ያስተምሩ። ይህ አይረባም፦ «ሰኞ፣ 2 ሰዓት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ሠራሁ።» ይህ ይረባል፦ «ሰኞ፣ 2 ሰዓት፣ የሦስት ነጋዴዎችን ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገለበጥኩ። የሁለተኛው የቲማቲም ዋጋ ሠንጠረዣችን ላይ ካለው ጋር ስላልገጠመ ለሐ ነግሬው አረመው።» ሁለተኛው የሚረጋገጥ ነገር አለው፦ የተገለበጠው ጽሑፍ አለ፣ የታረመው ሠንጠረዥ አለ፣ ምስክሩም አለ።

በኢንተርኔት አብረው የሚጽፉ ከሆነ ሰነዱ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ታሪኩን ይይዛል። ይህን ማየት መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይፍረዱበት። አንዷ ሐሳቡን አፍልቃ ሌላው ተይቦት ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሌላ ቦታ ሃያ መስመር ገልብጦ ሲለጥፍ፣ ሌላዋ ሦስት ሰዓት አስባ አንድ ስህተት አርማ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ብዛትም እንዲሁ ነው፤ ቀርፋፋው ብዙ ሰዓት ያስመዘግባል። የሚመዘነው ቡድኑ የተጠቀመበት ሥራ ነው።

ደረጃ 5፦ በአጋማሹ ማርክ የሌለው ምዘና ያድርጉ

የመጀመሪያው የእርስ በርስ ምዘና ማርክ ሊኖረው አይገባም። በሥራው አጋማሽ እያንዳንዱ ስለ ሌሎቹ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ «ይህን ቀጥል»፣ «ይህን ለውጥ»። እርስዎ ሰብስበው፣ ያለ ስም ጠቅለል አድርገው ለእያንዳንዱ ይመልሱ።

ይህ ደረጃ በጊዜ እጥረት ሰበብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲዘለል ግን ትልቁ ጉዳት ይመጣል። ድክመቱን የማረሚያ ጊዜ ካለፈ በኋላ በማርክ የሚያውቅ ተማሪ የተማረው ነገር የለም። ጓደኞቹም እስከ መጨረሻ ታግሰው በአንድ ጊዜ ይበቀሉታል። በአጋማሹ ግን ነገሩ ገና ይታረማል፤ የጠፋው ልጅ የጠፋው በሕመም፣ በሥራ ወይም በቤት ችግር እንደሆነም የሚሰማው ያኔ ነው።

ደረጃ 6፦ የእርስ በርስ ምዘናውን ይሉኝታ እንዳይውጠው አድርገው ያዘጋጁ

ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስለ ጓደኛው «ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ?» ሲባል 5 ይሰጣል። ጉድለቱ ጠፍቶት ሳይሆን ነገ አብረው ምሳ ስለሚበሉ ነው። የደች ተማሪ ፊት ለፊት መናገር ስለለመደ 3 ብሎ ምክንያቱን ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ቡድን ውስጥ ሲገቡ፣ አንዱ የሰጠው 5 እና ሌላው የሰጠው 3 ተመሳሳይ ሥራን የሚገልጹ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ስላደረገው ነገር ይሁን፦

1. የተስማማንበትን ሥራ በቀኑ አስረክቧል?
2. ያስረከበው ሥራ ሌላ ሰው እንደገና ሳይሠራው አገልግሏል?
3. የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ የራሱን አክሏል?
4. ሳይችል ሲቀር ቀድሞ አሳውቋል?
5. አንብቦና ተዘጋጅቶ ይመጣል?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የቁጥሩን ትርጉም ይጻፉለት። ለምሳሌ ለጥያቄ 1፦ 5 ማለት «ሁሌም በቀኑ፣ ሲያስፈልግ ቀድሞ»፣ 3 ማለት «አንዳንዴ ዘግይቶ፣ ግን ሥራችንን ሳያስቆም»፣ 1 ማለት «ሌላ ሰው ሠራለት» ነው። 1፣ 2 ወይም 5 የሰጠ ሁሉ አንድ የሆነ ነገር ጠቅሶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለራሱም ይሙላ፤ የራሱ ቁጥር ግን ስሌት ውስጥ አይግባ። ወረቀቱን ቤት ወስደው ተማክረው እንዳይሞሉት ክፍል ውስጥ፣ ተራርቀው ተቀምጠው ይሙሉ።

አሥር ነጥብ ሰጥቶ «ለአባላቱ አከፋፍሉ» ማለት ሌላው መንገድ ነው። በደንብ ለሠራ ቡድን ግን አይመከርም፤ አንዱን ከፍ ለማድረግ የግድ ሌላውን ዝቅ ማድረግን ስለሚጠይቅ ጠብ ይወልዳል።

መሣሪያ ላለው ሥራው ይቀላል። በሮተርዳምና በዘ ሄግ መካከል ያለው የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባዲቼክ የሚባል ፕሮግራም ይጠቀማል፤ አምስተርዳም የተቀመጠው ፊድባክፍሩትስም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ቅጹን ይልካሉ፣ ይደምራሉ፣ ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ሲመጣ ያመለክታሉ። ያለ እነሱ የሚያስፈልገው ፎቶኮፒና ካልኩሌተር ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ እያንዳንዱን ለብቻው በቃል ይጠይቁ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ መሥራት ከቻሉ ይህን ይምረጡ። ለአንድ ቡድን 15 ደቂቃ፣ ለአንድ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይኑርዎት፦

– ራሱ ስለሠራው፦ «የድንቹን ዋጋ በኪሎ ለማስላት ለምን ወሰናችሁ? ነጋዴው በሳህን ሲሸጥስ እንዴት አደረግህ?»
– ሌላው ስለሠራው፦ «ሐ የሠራውን ሠንጠረዥ በራስሽ ቃል አስረጂኝ።»
– ስለ ውሳኔ፦ «ደግማችሁ ብትሠሩት ምን ትለውጣላችሁ? ለምን?»

ሁለተኛው ጥያቄ ሥራን ቆራርጦ ተከፋፍሎ መጨረሻ ላይ በስቴፕለር የሚያያዝን ቡድን ያጋልጣል። ሦስተኛው ደግሞ በሰው ወይም በማሽን የተጻፈለትን ያጋልጣል፤ ያልወሰነ ሰው ስለ ውሳኔው መናገር አይችልም። የሚመዝኑት ግን አንደበትን እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ቋንቋው የሚከብደው ተማሪ በአጭሩና እየተደናቀፈ ትክክለኛውን ሊመልስ ይችላል፤ ሠንጠረዡን እያሳየ እንዲያስረዳ ይፍቀዱለት።

ደረጃ 8፦ ያስሉ

የገበያው ቡድን ሪፖርት 7.5 አገኘ እንበል። ጓደኞቻቸው የሰጧቸው አማካይ ከ5፦ ሀ 4.6፣ ለ 4.2፣ ሐ 4.0፣ መ 4.2፣ ሠ 3.0። ድምሩ 20፣ የቡድኑ አማካይ 4.0 ነው። የእያንዳንዱን ቁጥር ለ4.0 ሲያካፍሉት ማስተካከያው ይወጣል፦ ሀ 1.15፣ ለ 1.05፣ ሐ 1.00፣ መ 1.05፣ ሠ 0.75።

ማስተካከያው ከ0.80 እንዳይወርድ፣ ከ1.10 እንዳያልፍ ገደብ ያድርጉለት፤ በጥቂት ሰዎች አስተያየት ብቻ ማርክ መገለባበጥ የለበትም። እንግዲህ ሀ ከቡድኑ ሥራ 7.5 ሲባዛ በ1.10፣ 8.25 አላት። ሠ ደግሞ 7.5 ሲባዛ በ0.80፣ 6.0 አለው።

አሁን የግሉን ይጨምሩ። ሀ በቃል ጥያቄውና በጽሑፉ 8 አገኘች፦ 60 በመቶ የ8.25 ማለት 4.95፣ 40 በመቶ የ8 ማለት 3.2፤ ድምሩ 8.15። ሠ 5 አገኘ፦ 3.6 እና 2.0፤ ድምሩ 5.6። በድምሩ ሠ አልፏል! ደረጃ 2 ላይ የተቀመጠው ወለል እዚህ ይሠራል፦ የግሉ 5 ከ5.5 በታች ስለሆነ ሠ የግሉን ክፍል በድጋሚ ይፈተናል። ማባዛቱ ማርኩን ያስተካክላል፤ ያልሠራ ሰው እንዳያልፍ የሚያደርገው ግን ወለሉ ነው። ከመቶ ለሚያርም አስተማሪ ስሌቱ ያው ነው፤ 7.5 በማለት ፈንታ 75 ይበሉ።

ሁለት ምልክቶችን ይፈልጉ። አንደኛ፣ ሁሉም ለሁሉም 5 ከሰጡ ማስተካከያው ለሁሉም 1 ይሆናል፤ ያኔ መዝገቡንና የቃል መልሱን ይመኑ። ሁለተኛ፣ አንድ ተማሪ 4፣ 4፣ 4 እና 1 ካገኘ አማካዩ ወደ 3.25 ይወርዳል። ሦስት ሰው የመሰከረለትን አንድ ሰው ጣለው ማለት ነው። የተጻፈውን ምክንያት ያንብቡ፤ ተጨባጭ ነገር ከሌለው ያንን 1 አውጥተው ያስሉ፣ ያወጡበትንም ምክንያት ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ውሳኔው የእርስዎ ይሁን፤ ምክንያቱን ይስጡ፤ ቅሬታ ይስሙ

በኔዘርላንድስ ሕግ ፈታኙን የሚሾመው የፈተና ቦርድ ነው፤ ማርክ የሚሰጠውም የተሾመው ፈታኝ እንጂ ተማሪ አይደለም። የጓደኞች ቁጥር ምስክርነት እንጂ ፍርድ አይደለም። «ጓደኞችህ ናቸው የቀነሱብህ» ማለት ኃላፊነትን መሸሽ ነው። ተማሪው የታረመ ሥራውን የማየት መብት አለው፤ ካልተስማማም በስድስት ሳምንት ውስጥ ለፈተና ይግባኝ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር ጽፈው ይያዙ፦ ከመዝገቡ ምን አየሁ፣ በቃል ምን መለሰ፣ የእርስ በርስ ምዘናው ምን አለ።

ሦስቱ ማስረጃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ውሳኔው ቀላል ነው። ከተቃረኑ ተማሪውን ጠርተው ያነጋግሩ። መዝገቡ ሞልቶ፣ በቃልም በደንብ መልሶ ጓደኞቹ ዝቅ ካደረጉት፣ ቡድኑ አግልሎት ሊሆን ይችላል፤ በዘር፣ በቋንቋ ወይም በጾታ ምክንያት የሚሆን መገለል በኔዘርላንድስም በኢትዮጵያም አለ። ሥራ የሸሸውን ተማሪ ሥራ ከተነፈገው መለየት የአስተማሪ ሥራ ነው።

የተማሪዎቹን ቅጾች ስም እንዳለባቸው ለሌላ ተማሪ አያሳዩ። የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን በሕግ ይጠብቃል፤ ደንቡ በሌለበት አገርም ቢሆን ተማሪ እውነቱን የሚጽፈው ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ሲያምን ብቻ ነው።

60 ተማሪ ላለው ክፍል

60 ተማሪ ማለት አምስት አምስት ሆነው 12 ቡድን ነው። ለአንድ ቡድን 15 ደቂቃ ቢሰጥ የቃል ጥያቄው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት ባላቸው ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ይከፋፈላል። የሥራ መዝገቡን በየሳምንቱ ሁሉንም አያንብቡ፤ ሦስት ቡድን በዕጣ ያውጡና የእነሱን ብቻ ያንብቡ። ማን እንደሚወጣ ስለማያውቁ ሁሉም ይጽፋሉ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ዘጠኙንም ደረጃ መጀመር አያስፈልግም። የማለፊያውን ወለል፣ ሳምንታዊ መዝገቡንና የቃል ጥያቄውን ብቻ ያስገቡ፤ የእርስ በርስ ምዘናውን ተማሪዎቹ ዘዴውን ከለመዱ በኋላ በሁለተኛው ሴሚስተር ይጨምሩት። በሦስቱ ብቻ እንኳ ስሙን ብቻ ያስጻፈ ተማሪና ሥራውን የሠራ ተማሪ እኩል ማርክ ይዘው አይወጡም።